ኦቨርድራይቩ አይገባም፤ ሶሌኖይዱ ጋ 6 ቮልት አለ፣ ግን ወፍ የለም

ባለቻምፒዮን፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የ1953 (እ.ኤ.አ.) ስቱድቤከር ቻምፒዮን ናት። ባለ3 ማርሽ ካምቢዮ፣ ከኋላው የቦርግ ዋርነር ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲሄዱ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ)። ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው፣ ፖዘቲቩ ማሳ (የመኪናዋ አካል) ላይ የታሰረ።

ኦቨርድራይቩ አልገባ አለ። ከክሩስኮቱ ስር ያለውን እጀታ ወደ ውስጥ ገፍቼ ነው የምነዳው። ነዳጅ ስለቅ መኪናዋ በነጻ ትንሸራተታለች፣ ሞተሩ አይይዛትም። እስከዚህ ደህና ነው። ግን በ50ም በ60ም ኪሎ ሜትር እግሬን አንስቼ ብጠብቅ ያቺ "ቀጭ" የምትል ድምፅ የለችም። ሞተሩ እየጮኸ ይቀጥላል።

ሶሌኖይዱ (መብራት ሲያገኝ ዘንጉን አንቀሳቅሶ ኦቨርድራይቩን የሚያስገባው ማግኔት) ሞቷል ብዬ ያገለገለ ሌላ ገዛሁ። ገጠምኩት፣ ያው ነው። ከዚያ መጽሐፉ እንደሚለው ቁልፉን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ የገቨርነሩን (መኪናዋ ፍጥነት ስታገኝ መስመሩን የሚዘጋውን ስዊች) ሽቦ ማሳ አስነካሁት። ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደው ሽቦ ጫፍ ላይ ቴስተሩ 6.2 ቮልት አነበበ። ቮልቱ ደርሷል ማለት ነው። ሁለት ሶሌኖይድ ደግሞ ባንዴ አይሞትም። ካምቢዮውን ማውረድ ሊኖርብኝ ነው?

ዝገት፦

ካምቢዮ እንዳታወርድ! እኔ አንዴ አውርጄ ጀርባዬ እስካሁን አልተመለሰም። ጥፋቱ የተገኘው አንድ የላላ ሽቦ ላይ ነበር።

ጋሽ ፑንቲና፦

ባለቻምፒዮን፣ መኪናህ በነጻ ከተንሸራተተች ውስጥ ያሉት ሮለሮች (በነጻ የሚያንሸራትቱት) ይሠራሉ ማለት ነው። ስለ ካምቢዮው ለጊዜው እንርሳው።

ሦስት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ 6.2 ያልከውን ስትለካ ሽቦው ሶሌኖይዱ ላይ ታስሮ ነበር ወይስ ነቅለኸው? ሁለተኛ፣ ገቨርነሩን ማሳ ስታስነካው ሪሌዩ (ለሶሌኖይዱ መብራት የሚሰጠው) ድምፅ ያሰማል? ሦስተኛ፣ ሶሌኖይዱ ይሞቃል?

ባለቻምፒዮን፦

ጋሼ አመሰግናለሁ። ሽቦውን ነቅዬ ነው የለካሁት፣ ጫፉ ላይ። ሪሌዩ "ጠቅ" ይላል፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ሽቦውን መልሼ ሳስረው ግን ሶሌኖይዱ "ጭ" ብሎ ዝም ይላል። ሙቀቱን ባይጠይቁኝ ይሻል ነበር። ስልክ ላነሳ ሄጄ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ስመለስ እጅ አያስነካም።

ጋሽ ፑንቲና፦

እንግዲህ ሶሌኖይዱን አትውቀሰው። ምስኪኑ አቅም አጥቶ ነው።

እዚያ ውስጥ ያለውን ልንገርህ፣ ከዚያ ሌላው ራሱ ይገባሃል። ሶሌኖይዱ ውስጥ ሁለት ጥምጥም አለ። አንዱ ወፍራም ሽቦ ነው፣ ሥራው መሳብ ብቻ ነው። በ6 ቮልት 20 አምፔር ገደማ ይበላል። ሌላው ቀጭን ነው፣ ሥራው መያዝ ነው። 1 አምፔር ያህል ይበቃዋል። መብራት ሲሰጠው ሁለቱም ይነሳሉ። ዘንጉ ጉዞውን ሲጨርስ ራሱ አንዲት ፑንቲና (መብራት የሚያገናኝ የብረት ጫፍ) ገፍቶ ይከፍታል፣ ወፍራሙ ይጠፋል፣ ቀጭኑ ይዞ ይቆያል። ወፍራሙ የሚሠራው ለአፍታ ብቻ ነው፤ ለዚያ ነው የተሠራውም።

ያንተ ዘንግ ጉዞውን አልጨረሰም። መንገድ ላይ ቆመ። ፑንቲናዋ አልተከፈተችም። ወፍራሙ ጥምጥም እየጎተተ እየጎተተ ነደደ። ሙቀቱ እሱ ነው። ሁለተኛ እንዲህ ስታደርግ ከ3 ሰከንድ አታሳልፍ፣ ስልኩም ይጥራ።

አሁን ወደ 6.2 እንምጣ። የተነቀለ ሽቦ ላይ ቴስተር ስታስቀምጥ የሚያልፈው ጅረት ኢምንት ነው። በዛገ ብሎንም፣ በአንድ ክር ሽቦም ያልፋል። ቴስተሩ እውነቱን ነው የነገረህ፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ወፍራሙ ጥምጥም 0.3 ኦም ቢሆን በ6 ቮልት 20 አምፔር ይስባል። መንገድ ላይ 0.1 ኦም ዝገት ጨምርበት። በጠቅላላው 0.4 ኦም ሆነ፣ ጅረቱ 15 አምፔር ወረደ፣ ጥምጥሙ ላይ የሚደርሰው 4.5 ቮልት ብቻ። የመሳብ ጉልበቱ ደግሞ ከጅረቱ በባሰ ነው የሚወርደው። ከነበረው ግማሽ ትንሽ በለጥ ይላል። 0.1 ኦም ግን ቴስተርህ እንኳ አያይልህም። ሁለቱን ጫፎቹን አጋጥመህ ለካ፣ እሱ ራሱ 0.2 ምናምን ይልሃል።

ስለዚህ በኦም አትልካ። ሽቦውን መልሰህ እሰርና፣ ሥራ ላይ እያለ በቮልት ለካ። ረዳት ይኑርህ፤ እሱ የገቨርነሩን ሽቦ ለ2 ሰከንድ ማሳ ያስነካል፣ አንተ ታነባለህ። ከአንዱ ነጥብ እስከሚቀጥለው፣ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች በአንድ መስመር ላይ አድርገህ። ከባትሪው እስከ ሪሌዩ መግቢያ። የሪሌዩ ፊውዝ ወዲህና ወዲያ። የሪሌዩ ፑንቲና ወዲህና ወዲያ። ከሪሌዩ መውጫ እስከ ሶሌኖይዱ 4 ቁጥር (መብራቱ የሚገባበት ማሰሪያ)። በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ የሚረሳውን፣ ከሶሌኖይዱ አካል እስከ ባትሪው የማሳ ጫፍ። በየመካከሉ አስቀዝቅዘው።

ደግሞም፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ቆሞ ብዙ ከቆየ ቦቢናውም (ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው) ይሞቃል። የቦቢናውን ሽቦ ንቀልለት።

ባለ12፦

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? 12 ቮልት ባትሪ ግጠምበትና ተገላገል። ሶሌኖይዱ እንደ መድፍ ነው የሚገባው።

ዝገት፦

እንደ መድፍ ገብቶ እንደ ባሩድ ይሸታል። ሞክሬዋለሁ።

ጋሽ ፑንቲና፦

ባለ12፣ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ወፍራሙ ጥምጥም ለአፍታ ይችለዋል እንበል። ቀጭኑ ግን መንገዱን ሙሉ ነው በርቶ የሚሄደው። እሱን ምን ልታደርገው ነው? መኪናውን ሙሉ በሙሉ ወደ 12 የሚቀይር ሰው ሶሌኖይዱንም ሪሌዩንም የ12 ያደርጋል። ያ ሌላ ጨዋታ ነው። ዝገት ያለበትን መስመር በቮልት ማሸነፍ ግን ቁስልን በሻርፕ መሸፈን ነው።

ባለቻምፒዮን፦

ለካሁ። ጎረቤቴ ልጅ ሽቦውን ያስነካ ነበር፣ እኔ ስር ተኝቼ አነባለሁ። መጀመሪያ ቁጥሩ ሁሉ በመቀነስ ምልክት ሲመጣ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ፖዘቲቭ ማሳ መሆኗ ትዝ አለኝ።

ባትሪው ሥራ ሳይኖረው 6.3። ሥራ ላይ 5.9። ከዚያ የጠፋው፦ ከባትሪ እስከ ሪሌይ 0.4። ፊውዙ ላይ 0.9 (!)። የሪሌዩ ፑንቲና ላይ 0.5። ከሪሌይ እስከ 4 ቁጥር 0.1። በማሳው በኩል 0.2።

ሶሌኖይዱ ራሱ ላይ የቀረው 3.8 ቮልት ነው። ያው 6.2 ያነበብኩበት ቦታ!

ጋሽ ፑንቲና፦

ደምረው፣ 2.1 ነው የጠፋው። ከ5.9 ላይ ስትቀንሰው 3.8። ሒሳቡ ገጠመ፣ ስለዚህ ያመለጠህ ቦታ የለም። እኔ ሒሳቡ እስኪገጥም ድረስ መፍታት አልጀምርም፤ ይሄ የቆየ ልማዴ ነው።

ከፊውዙ ጀምር። ፊውዙ ራሱ አይደለም፣ የያዙት ሁለት ልሳኖች ናቸው። ላልተዋል፣ ዝገዋል። ባትሪውን ነቅለህ ልሳኖቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ በፒንሳ ቀስ ብለህ ጨበጥ አድርጋቸው። ከዚያ የሪሌዩን ክዳን ክፈትና ፑንቲናዎቹን ተመልከት።

ሰማያዊ ፎርድ፦

ክሩን እያጠፋሁ ካልሆነ አንድ ጥያቄ አለኝ። የኔዋ የ1954 ፎርድ ናት። ኦቨርድራይቩ ይገባል፣ ይወጣል፣ ጥሩ ነው። ግን ለመቅደም ነዳጁን እስከ ታች ስረግጥ ሞተሩ ጥፍት ይላል። እግሬን እስካነሳ አይመለስም። አንዴ ከከባድ መኪና ጎን ላይ ሆኜ ነው የጠፋብኝ። ልቤ ነው የቆመው።

ጋሽ ፑንቲና፦

እህቴ፣ ተመስገን ነው። ቶሎ እንፍታው፣ ይሄ አደገኛ ነው።

ነዳጁን እስከ ታች ስትረግጪ ኪክዳውን ስዊቹ ሁለት ነገር ባንዴ ያደርጋል። አንደኛ የገቨርነሩን መስመር ይቆርጣል፣ ሪሌዩ ይለቃል፣ ሶሌኖይዱ መብራት ያጣል። ግን መቀርቀሪያው (ዘንጉ ገፍቶ የሚያስገባው፣ ኦቨርድራይቩን የሚይዘው ብረት) የሞተሩ ጉልበት ጨምቆ ስለያዘው በሞላ ብቻ አይወጣም። ስለዚህ ሁለተኛው ነገር ይመጣል፤ ስዊቹ የቦቢናውን ሽቦ በሶሌኖይዱ 6 ቁጥር በኩል ማሳ ያስነካዋል። ሞተሩ ለቅጽበት እሳት ያጣል። ጉልበቱ ሲላላ መቀርቀሪያው ዘሎ ይወጣል። ዘንጉ ሲመለስ የ6 ቁጥር ፑንቲና ይከፈታል፣ እሳቱ ይመለሳል። ሁሉም የዐይን ጥቅሻ ነው። ጤነኛ ሲሆን ሹፌሩ አያውቀውም።

ያንቺ 6 ቁጥር አልተከፈተም። ወይ ፑንቲናው ተጣብቋል፣ ወይ ዘንጉ እስከ ቦታው አይመለስም። ሁለቱን ሽቦዎች ከሶሌኖይዱ ንቀዪና መኪናዋ ቆማ ከ6 ቁጥር እስከ ሶሌኖይዱ አካል በኦም ለኪ። ክፍት መሆን አለበት። ከዚያ ለ4 ቁጥር ከባትሪ ለአፍታ ስጪውና እንደገና ለኪ። አሁን መዘጋት አለበት። ቆሞ እያለ ዝግ ካሳየሽ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ሰማያዊ ፎርድ፦

ሽቦዎቹ ተቀያይረው ይሆን? ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት ብዙ ነካክቷታል።

ጋሽ ፑንቲና፦

ጥሩ ጥርጣሬ ነው፣ ግን አይደለም። ቢቀያየሩ የቦቢናው ሽቦ በወፍራሙ ጥምጥም በኩል ማሳ ያገኛል፤ አዎ፣ ሞተሩ ይጠፋል። ያኔ ግን ኦቨርድራይቩም ጭራሽ አይገባም፣ ምክንያቱም መብራቱ የሚሄደው ወደተከፈተው 6 ቁጥር ነው። ያንቺ ይገባል ብለሻል።

እስክትጠግኚው የ6 ቁጥሩን ሽቦ ንቀዪና ጫፉን በፕላስተር ጠቅልይው። መኪናዋ ትሠራለች። ልዩነቱ፣ ለመቅደም ስትረግጪ ኦቨርድራይቩ ወዲያው አይወጣም።

ሰማያዊ ፎርድ፦

ቆሞ እያለ ዝግ! ለካሁት፣ 0.4 ይላል። ሽቦውን ጠቅልዬዋለሁ። ዛሬ ማታ በሰላም እተኛለሁ።

ባለቮልቮ፦

እኔም ልግባ። የኔ ቮልቮ 1800 ናት፣ ላይኮክ የሚባል ሌላ ዓይነት ኦቨርድራይቭ ነው የገጠመላት። ይሄ የምትሉት ሁሉ ለኔም ይሠራል?

ጋሽ ፑንቲና፦

ሥራ ላይ እያለ በቮልት መለካቱ ይሠራል። ሌላው ሌላ ነው። ላይኮክ የሚገባው በዘይት ግፊት ነው፣ ሶሌኖይዱ የሚከፍተው ቫልቭ ነው። ገቨርነር የለውም፤ ስዊቹን የምትነካው አንተ ነህ፣ ካምቢዮው ላይ ያለው ስዊች ደግሞ በላይኛው ማርሽ ካልሆነ መስመሩን አይዘጋልህም። መጀመሪያ የምትለካው እሱን ነው፣ ሁልጊዜ የሚከዳው እሱ ነው። የድሮው ዲ ዓይነት ሶሌኖይድ እንደኛው ባለ ሁለት ጥምጥም ነው፣ ዘንጉ ካልተስተካከለ እሱም ይነድዳል። አዲስ ክር ክፈትና እዚያ እናውራ፣ እዚህ ሰዎቹን እንዳናምታታ።

ባለቻምፒዮን፦

ተመለስኩ። እጄ ጥቁር ነው፣ ፊቴም እንደዚያው።

የፊውዙ ልሳኖች ላይ አረንጓዴ ነገር ነበር። አጸዳሁ፣ ጨበጥኩ። የሪሌዩን ክዳን ስከፍት አንደኛው ፑንቲና መሃሉ ጎድጉዷል፣ ሌላኛው ላይ ደግሞ እንደ ኪንታሮት ያለ ጉብታ አለ። ልክ ተፋጥጠው። በቀጭን ሞረድ ደልድዬ፣ በንጹሕ ወረቀት መሃላቸውን ጠረግኩ። ከባትሪ የሚመጣውን ጫፍ አጸዳሁ። ከካምቢዮው ብሎን እስከ ቻሲው ድረስ አዲስ የማሳ ገመድ ጨመርኩ።

ልጁን ጠርቼ "አስነካ" አልኩት። "ቀጭ!" ብቻ አይደለም፣ "ድም!" ነው ያለው። ደንግጬ ጭንቅላቴን ከቻሲው ጋር አጋጨሁት። ሲለቀው ሁለተኛ ድምፅ፣ ዘንጉ ሲመለስ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አሁን ቮልቱን መለካት አልቻልኩም። ቴስተሩ 5 ከምናምን አሳይቶ ሳልይዘው 6.2 ላይ ይቀመጣል።

ጋሽ ፑንቲና፦

ጎሽ! አለመቻልህ እኮ ነው መልሱ። ዘንጉ ጉዞውን ጨርሶ ወፍራሙን ጥምጥም አጠፋው። አሁን የምታነበው ቀጭኑን ነው፣ 1 አምፔር ብቻ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚጠፋ ነገር የለም። ለ1 ደቂቃ ተወውና ዳስሰው፣ ለብ ከማለት አያልፍም።

ሁለቱን ብሎን ከማጥበቅህ በፊት ግን፣ ሶሌኖይዱን ስትገጥም ሩብ ዙር አዙረኸዋል? የዘንጉ ጫፍ ኳስ መቀርቀሪያው ውስጥ መጠለፍ አለባት። ሳታዞር ከገጠምከው መቀርቀሪያውን ይገፋዋል፣ ግን መልሶ አይጎትተውም። ኦቨርድራይቩ ገብቶ ይቀራል። መቀርቀሪያው ገብቶ ሳለ ወደ ኋላ ለመሄድ የሚታገል ሰው ብረት ይሰብራል፤ ያኔ ነው ካምቢዮው የሚወርደው።

ባለቻምፒዮን፦

አዙሬዋለሁ... መሰለኝ። ቆይ ልየው።

ባለቻምፒዮን፦

አላዞርኩትም። ብሎኖቹን ፈትቼ ብስበው ቀጥ ብሎ እጄ ላይ መጣ። አሁን ጠልፌዋለሁ፣ ቀጥታ ቢስቡት አይወጣም። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት።

ዝገት፦

ለዚህ ነው እኔ "መሰለኝ" ያልኩትን ሁሉ ሁለቴ የምፈታው።

ባለቻምፒዮን፦

የመንገድ ሙከራ ዘገባ። በ50 እግሬን አነሳሁ፣ ምንም። በ60ም ምንም። ማልቀስ ቀረኝ። ቆሜ የገቨርነሩን ሽቦ ማሳ ባስነካው "ድም" ይላል። ታዲያ አሁን ገቨርነሩ ነው?

ጋሽ ፑንቲና፦

እሱ ይመስላል፣ ግን አትግዛ! አንዴ ገዝተህ አይተኸዋል። ሽቦውን ከገቨርነሩ ንቀልና አንዲት ትንሽ የ6 ቮልት አምፖል በረጅም ሽቦ አዘጋጅ። አንዱን ጫፍ መብራት ካለው የባትሪ ጫፍ፣ ሌላውን ገቨርነሩ ላይ እሰር፣ አምፖሏን መሪው አጠገብ አስቀምጣትና ንዳ። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርስ መብራት አለባት። ስትቀንስ 35 አካባቢ ትጠፋለች። በመሃሉ ያለው ክፍተት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ አለበለዚያ በአንድ ፍጥነት ላይ ሲገባ ሲወጣ ይውል ነበር።

ካልበራች ፍታው። ስትፈታው ሰፊውን ባለ 6 ጎን ክፍል በቁልፍ ያዝ። ክዳኑን በፒንሳ እንዳትይዝ፣ ይጨማደዳል። ውስጡን ዘይት አግኝቶት ይሆናል።

ባለቻምፒዮን፦

አምፖሏ በ70 እንኳ አልበራችም። ፈታሁት። ጋሼ ነቢይ ነዎት! ክዳኑ ስር ጥቁር ዘይት ሞልቷል፣ ፑንቲናዎቹ ላይ እንደ ቅጥራን ተጋግሯል። አጠብኩት፣ በወረቀት ጠረግኩት፣ ታች ያለውን የዘይት መያዣ ጎማ ቀየርኩ።

አምፖሏ በ46 በራች። 34 ላይ ጠፋች። ሽቦውን መልሼ አሰርኩ። በ55 እግሬን አነሳሁ። "ቀጭ" አለ፣ መልሼ ረገጥኩ፣ ሞተሩ ዝም። ፍጥነቱ ያው ነው፣ ድምፁ ግን የሌላ መኪና ነው። 10 ዙር ይዞር የነበረው ሞተር አሁን 7 ይበቃዋል። ሳላስበው አንድ መታጠፊያ አለፍኩ፣ ተመልሼ መምጣት አልፈለግኩማ።

ባለ12፦

እንኳን ደስ ያለህ። ያስቀመጥከው የድሮው ሶሌኖይድስ?

ባለቻምፒዮን፦

እሱማ ጤነኛ ነበር! መደርደሪያ ላይ አድርጌ ለአፍታ ከባትሪ ሰጠሁት፣ "ድም" ብሎ ገባ። በከንቱ ሁለት ሆኑብኝ።

ሰማያዊ ፎርድ፦

የ6 ቁጥሩስ? ቆሞ ክፍት፣ ሲበራ ዝግ? ከሆነ ለኔ ሽጥልኝ።

ባለቻምፒዮን፦

ቆሞ ክፍት ነው። ሲበራ ዝግ። ግን የ1953 ስቱድቤከር ለ1954 ፎርድ ይገጥማል እንዴ? ጋሼ?

ጋሽ ፑንቲና፦

ከመላክህ በፊት ሁለቱን ፎቶ አንሥታችሁ ጎን ለጎን አድርጉልኝ። የዘንጉን ርዝመትና የብሎኖቹን ቦታ ልይ።